ለኮቱ ባለቤት፤ ስለ ስድስተኛው ክፍል

ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለተከበሩ አቶ ኤርምያስ
የዘንባባ ቴሌቪዥን የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ብዙ ምስጋና፣ ስድስት ቅሬታና አንድ ልመና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ፣ ደግሞም ዘወትር በታማኝነት የሚያገለግልዎ ወንበርዎ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ደብረ ታቦር ቀዝቅዛለች፤ የጉና ተራራም ከሰሞኑ ጉሙን ተከናንቦ አልታይ ብሏል። እርስዎ ያሉበት ባሕር ዳር ግን በሰኔም ሞቃት እንደሆነ አራት ጊዜ ተመላልሼ በዓይኔ ስላየሁ፣ ብርድ ይመታዎታል ብዬ አልሰጋም።

ራሴን ማስተዋወቄ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝና፣ ካሰች ሀብተማርያም እባላለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት «ኮቱ ገብቷል» የተባለ ልብ ወለድ ጻፍሁ። መጽሐፉን ገዝቶ ድራማ ያሠራው የእርስዎ ክፍል ስለሆነ ታሪኩን ያውቁታል ብዬ ማለፍ በተገባኝ ነበር፤ ነገር ግን መጨረሻውን ያልደረሱበት ስለሚመስለኝ በአጭሩ ላስታውስዎ።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ሰቅለው ይወጣሉ። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ጸሐፊያቸው በበሩ በኩል ኮቱን እያሳየች «አሉ፤ ኮታቸው ገብቷል» ትላለች። አንድ ቀን ኃላፊው ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራሉ፤ ሲሄዱ ግን ኮታቸውን ይረሱታል። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ሳምንት ሠራተኛው በሙሉ ለኮቱ እጅ እየነሣ፣ ለኮቱ ሪፖርት እያቀረበ፣ ከኮቱ ፈቃድ እየጠየቀ ይኖራል። በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ደግሞ ከደጋ የመጣ አንድ ገበሬ ወረቀቱን እየጠበቀ ይቀመጣል። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ ብርቱካን ገበሬው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ታይና ኮቱን ከወንበሩ አንሥታ ታለብሰዋለች። ገበሬው ኮቱን ለብሶ ወደ ውስጥ ሲገባ ቢሮው በሙሉ ብድግ ይላል፤ ሦስት ወር የጠፋው ፋይልም በግማሽ ሰዓት ተገኝቶ ይፈረምለታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህን መጽሐፍ በስድስት ክፍል አስቂኝ ድራማ አድርጋችሁ፣ ያውም እዚሁ ደብረ ታቦር ድረስ መጥታችሁ ልትቀርጹት ስትነግሩኝ ደስታዬን የምይዝበት ጠፍቶኝ ነበር። አምስቱን ክፍል በየቅዳሜው ማታ በሁለት ሰዓት አሳያችሁን። ስድስተኛውን፣ ገበሬው ኮቱን የሚለብስበትን፣ ቀርጻችሁ አስቀመጣችሁት። እንግዲህ የምሥጋናዬንና የቅሬታዬን ዝርዝር በመዝገብ ቤት ሥርዓት፣ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስሙን በተመለከተ። «ኮቱ ገብቷል» የሚለው ለተመልካች ይከብዳል ብላችሁ «ግርግር በቢሮ» በማለት ስላቀለላችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። በመጽሐፌ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድም ግርግር የለም፤ የመጽሐፉ ጨዋታ ሁሉ ምንም ነገር አለመንቀሳቀሱ ነበር። በማስታወቂያው ላይ ደግሞ አንድ የቢሮ ሠራተኛ የሙዝ ልጣጭ አንሸራቶት ሲወድቅ ይታያል። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመሥሪያ ቤት ስኖር ሰው በሙዝ ልጣጭ ሲወድቅ አላየሁም። ለመውደቅም እኮ በመጀመሪያ መራመድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ጥብሱን በተመለከተ። በሁለተኛው ክፍል የቢሮው ሠራተኞች በሻይ ክበቡ ተሰብስበው፣ እየተንጫጫ የመጣ የበግ ጥብስ ከበው ሲበሉ አሳያችሁን። ጥብሱ የሚያስጎመጅ ነበር፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ግን «መጋቢት፣ ዓርብ» ይላል። መጋቢት ማለት ሁዳዴ ነው። ያን ምሽት እኛም ጾም ላይ ነበርን፤ እኔ ቤት የተሰበሰበው እንግዳ በሙሉ ሽሮውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የካሰችን ድራማ ሊያይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

ከእንግዶቼ መካከል ጎረቤቴ መሪጌታ ምሕረትአብ ነበሩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቴሌቪዥን አያዩም፤ ስለ እኔ ክብር ብለው ነው የመጡት። ጥብሱ ሲመጣ ቀና ብለው የቀን መቁጠሪያውን አዩ፣ ከዚያ ጥብሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ካሰች፣ ይህንን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ። እኔም መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ አርባ አንደኛውን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ወደ ሰዉ ዞረው «ሽሮ ነው» ብለው አወጁልኝ። ባያውጁልኝ ኖሮ ዛሬ በዚህ ሰፈር ቡና የሚጠራኝ አይኖርም ነበር።

ስሕተቱን ወዲያው ስላረማችሁ ደግሞ ምስጋናዬ ወደር የለውም። በሦስተኛው ክፍል ያው ጥብስ ተመልሶ ሲመጣ «ዓርብ» የሚለው ላይ ወረቀት ተለጥፎበት «ማክሰኞ» ሆኗል። መጋቢት ግን እዚያው መጋቢት ነው። ሁዳዴ ማክሰኞን ዘሎ እንደሚያልፍ ለባለሙያችሁ ያስተማረው የትኛው ደብር እንደሆነ መሪጌታ እስካሁን ይጠይቁኛል፤ መልሱን በጽሑፍ ቢልኩልኝ ለቅኔ ተማሪዎቻቸውም ይጠቅም ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ሰሌዳውን በተመለከተ። ለቀረጻው ከገበያው ጀርባ ቤት ተከራይታችሁ በሩ ላይ «የመሬት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ሰቀላችሁ። የሰሌዳው ጽሕፈት ውበት ከእውነተኞቹ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከዚህ ውበት የተነሣ ነው አያ ፋንታው የገባላችሁ።

አያ ፋንታው ማን እንደሆነ ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሌላ ሰው ልንገር። የጉና ግርጌ ሰው ነው፤ ገብስና ድንች ያርሳል። በአካባቢው ደግሞ የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚጠራው እሱ ነው። የራሱን የመሬት ወረቀት ፍለጋ ግማሽ ቀን በበቅሎ እስከ ጋሳይ፣ ከጋሳይ በሚኒባስ ደብረ ታቦር መጣ። ሰሌዳችሁን አየ። ባርኔጣውን አውልቆ ገባና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን ተቀመጠ። አጃቢ ተዋናይ መስሏችሁ ማንም አልጠየቀውም። ወደ ማታ ላይ ጸሐፊ ሆና የምትሠራው ተዋናይ የራሷን ቃል ስትለማመድ ወደ እሱ ዞራ «ነገ ና» አለች። አያ ፋንታው ተነሣ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ፣ ከልጁ ከእመቤቴ ቤት አደረ። በነጋታው መጣ። አሁንም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ «ነገ ና» ተባለ፤ አሁንም እጅ ነሥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ካሜራ የያዘው ሰው «ይህን ሽማግሌ ማን ቀጠረው?» ብሎ ሲጠይቅ የቀጠረው ጠፋ። እኔ በዚያን ዕለት ስለ መጽሐፉ ልትጠይቁኝ ጠርታችሁኝ እዚያው ቆሜ ነበር።

ወረቀቱን እየጠበቀ እንደሆነ ነገራቸው። ይህ መሥሪያ ቤት እንዳልሆነ፣ ድራማ እንደሆነ በጨዋነት አስረዱት። አያ ፋንታው ጠረጴዛዎቹን አየ፣ በአቧራ የተሸፈኑትን ፋይሎች አየ፣ ወንበር ላይ የተሰቀለውን ኮት አየ፣ ጥፍሯን የምትቀባውን ልጅ አየ። ከዚያ «ታዲያ ከሌላው በምን ይለያል?» አላቸው። የተናገረው ለመቀለድ አልነበረም፤ መልስ ፈልጎ ነበር። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። እናንተም ብልሆች ናችሁና የአግዳሚ ወንበሩን ገበሬ ቦታ ለእሱ ሰጣችሁት፤ ስለዚህ ውሳኔያችሁ የማቀርበው ምስጋና ምንም እሾህ የለበትም።

አራተኛ፤ ሳቁን በተመለከተ። ሰው የት ላይ እንደሚስቅ አያውቅም ብላችሁ ከድራማው ጋር የተቀዳ ሳቅ ታስገቡልን ነበር። አሳቢነታችሁን አመሰግናለሁ። በአራተኛው ክፍል ግን አያ ፋንታው ጽሑፉን ትቶ የራሱን ቃል ተናገረ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «በቅሎየን ጋሳይ አስሬ ነው የመጣሁት። ወረቀቴን ሳልይዝ ብሞት ልጆቼ በወሰን ይጋደላሉ።» ይህን ሲል የእናንተ ማሽን ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነበር፤ አንዲት ሴትም ከሁሉ በኋላ ለብቻዋ ስትስቅ ትሰማለች።

እኔ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው አንድም አልሳቀ። ብዙ ነገር በቀልድ ማለፍ እችላለሁ፣ ይህን ግን አልቻልሁም፤ ተናደድሁ፣ አፈርሁም። የጻፍሁት መጽሐፍ ሰውየውን ለማሳቅ እንጂ ሰውየው ላይ ለማሳቅ አልነበረም። የዚያችን ሴት ሳቅ ከየት እንዳመጣችሁት ባውቅ ሄጄ ምን እንዳሳቃት እጠይቃት ነበር።

ነገር ግን ፍትሕ ላለማጉደል አንድ ነገር ልጨምር። ከአራተኛው ክፍል በኋላ ሰኞ ጠዋት እውነተኛው የመሬት መሥሪያ ቤት ለአያ ፋንታው በእመቤቴ ስልክ ደውሎ ጠራው፤ ዓመት ከመንፈቅ የጠፋው ፋይሉም ሻይ ተፈልቶ ሳይቀዳ ተገኝቶ ወረቀቱን ያዘ። ይህችን አንዷን ምስጋና እንደ ምስጋና ይቀበሉልኝ።

አምስተኛ፤ ሰባቱን መሥሪያ ቤቶች በተመለከተ። ድራማው የቆመው አቤቱታ ስለበዛበት እንደሆነ በሰው በሰው ሰምቻለሁ። ሰባት መሥሪያ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ፣ ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት የእነሱ ኃላፊ ኮት እንደሆነና ስማቸው እንደጠፋ አመልክተዋል አሉ። እኔ መጽሐፉን ስጽፍ በልቤ የነበረው አንድ ኮት ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ቆይተዋል። ሰባት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ወር ውስጥ፣ ያለ አንድ ስብሰባ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተስማምተው ሲጽፉ በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ድራማችሁ ለመንግሥት ሥራ መቀላጠፍ ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም።

አንደኛው አቤቱታ በድራማው ላይ የታየው ኮት የግራ እጅጌው ቁልፍ መጉደሉን ጠቅሶ፣ ይህ ምስጢር ከውስጥ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር ሊወጣ አይችልም ይላል ተብያለሁ። ያን ቁልፍ የበጠሰችው ልብስ የምታዘጋጅላችሁ ቤዛዊት ናት፤ የበጠሰችውም በስሕተት ነው፤ እኔ መርፌና ክር ላቀብላት ስፈልግ ነበር። ያ ኃላፊ ይህን ካነበቡ የራሳቸውን ቁልፍ እንዲያስተክሉና እንዲረጋጉ በትሕትና እመክራለሁ።

ስድስተኛ፤ መጋቢት ሃያ ሰባትን በተመለከተ። ደብዳቤውን ሁሉ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ እስካሁን ያልሁትን ቢረሱት ቅር አይለኝም።

ስድስተኛው ክፍል ሲቀረጽ እዚያው ነበርሁ። አያ ፋንታው ኮቱን ለብሶ ሲገባ ተዋናዮቹ እንደተጻፈላቸው ብድግ አሉ፤ ከተዋናዮቹ ጋር ግን ሻይ ይዛ የቆመችው ልጅም፣ የቤቱ ዘበኛም ሳያስቡት ብድግ አሉ። ቀረጻው ሲያልቅ የቀረጻው አለቃችሁ የፊታችን ቅዳሜ እንደሚታይ የአያ ፋንታውን እጅ ጨብጦ ነገረው። እሱም አገሩ ገብቶ ለሰፈሩ ተናገረ፦ ቅዳሜ ማታ፣ በሁለት ሰዓት፣ ወረቀቴን ስቀበል ታዩኛላችሁ። የእርስዎ ባልደረባ የሰጡትን ቃል የራሱ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እሱ ባደገበት አገር ሰው እጅ ጨብጦ የነገረህን መጠራጠር ነውር ነው።

ቅዳሜ ማታ ከጉና ግርጌ ሰው በእግሩም በበቅሎም ጋሳይ ወረደ። ወይዘሮ ትርንጎ ሻይ ቤቷ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ከፍ አድርጋ ሰቀለችው፤ ቦታ ያጣው በመስኮት አንገቱን አስገባ። ጾም ስለነበር ቆሎና ንፍሮ ዞረ። አያ ፋንታው ከፊት ተቀምጧል፤ ነጭ ጋቢውን ለብሷል። ሁለት ሰዓት ሲሆን እናንተ ያለ አንዲት የይቅርታ ቃል ስለ ድንች አቀማመጥ የሚያስረዳ ፕሮግራም አሳያችሁ። ለአርባ ደቂቃ ያህል አንድ ባለሙያ ድንች ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ለጉና ሰው አስረዳ። ለጉና ሰው፣ ክቡር ሆይ፣ ስለ ቅዝቃዜ። ሰው እስከ መጨረሻው ተከታተለ፤ ከድንቹ በኋላ ይመጣል ብሎ።

አልመጣም። ያን ማታ ሰው ሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። የከፋው በኋላ ነው። አያ ፋንታው ሁለት አማቾችን በአንድ የድንበር ጠብ ሲያሸማግል ከርሞ ነበር፤ እርቁ ከፋሲካ በኋላ እንዲወርድ ቀን ተቆርጧል። በዕለቱ እርቁ ሊያልቅ ሲል ከአማቾቹ አንዱ፣ ሙላቴ የሚባለው፣ «ይኸም እንደ ቴሌቪዥኑ እንዳይሆን» አለ። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። አያ ፋንታው በትሩን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽምግልና አይቀመጥም፤ ሲጠሩትም ቃሌን የሚሰማ የለም ይላል። እርቁም አልወረደም፤ ሁለቱ አማቾች አሁን በአንድ መንገድ አይሄዱም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጁ እመቤቴ ናት። ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ እዚህ ባጃጅ የምትነዳ ጠንካራ ልጅ ናት፤ ባጃጇን እደጄ አቁማ ስትነግረኝ ግን አለቀሰች። «ወረቀቱንስ አገኘ እትየ፤ ቃሉን ነው ያጣ» አለችኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ስድስተኛው ክፍል ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለት ሰዓት ይታይ። የመጽሐፉን ስም «ግርግር» ማለታችሁን ይቅር ብያለሁ፤ ጥብሱንም፣ ማክሰኞንም ይቅር ብያለሁ። በክፍሉ ውስጥ የተቀዳ ሳቅ ካለ ግን ይውጣ፤ የሚያስቀው ቦታ ላይ እኛው እንስቃለን።

ይህን ልመና ለማቅረብ አራት ጊዜ ባሕር ዳር መጥቻለሁ። ይፋግ ያለ ዘመድ ልጠይቅ ነው እያልሁ ለልጆቼ እየዋሸሁ፣ በሚኒባስ ጉልበቴን እያሸሁ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ቀን ጸሐፊዎ ማህሌት በትሕትና ተቀብላኝ፣ በበሩ በኩል ወደ ወንበርዎ እያመለከተች «አሉ እናቴ፤ ኮታቸው አለ፤ ስብሰባ ገብተው ነው» አለችኝ። እኔ ይህን ዐረፍተ ነገር የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ መጽሐፌ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ኮትዎ ነበር፣ እርስዎ መስክ ወጥተው ነበር። በሦስተኛው ኮትዎ ነበር፣ እርስዎ ለቅሶ ደርሰው ሊመለሱ ነበር። በአራተኛው ኮትዎ ነበር፣ እርስዎ «አሁን፣ በዚህች ቅጽበት» ወጥተው ነበር። በየጊዜው አንድ አንድ ደብዳቤ ትቼልዎ ተመለስሁ። ማህሌትን መጽሐፉን አንብባው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላነበበችውም፤ ግን ጥሩ ነው ሲሉ ሰምታለች።

ክቡር ሆይ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ኮት ለብሶ የሚሄድ ሰው በአራት ጉዞዬ አላየሁም። ስለዚህ የእርስዎ ኮት ወንበር ላይ ከመዋል በቀር ሌላ ሥራ ኖሮት እንደማያውቅ እገምታለሁ፤ ለታታሪነቱም ያለኝን አድናቆት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

ጊዜዎን በከንቱ ስላጠፋሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከገቡበት ስብሰባ በሰላም እንዲወጡ፣ ከወጡበት መስክ በሰላም እንዲገቡ፣ ያዘኑትን አጽናንተው ወንበርዎ ላይ አንድ ቀን እንዲቀመጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዬን በዚሁ እዘጋለሁ።

የኮትዎ አክባሪ፣ የእርስዎ ደግሞ አራት ጊዜ ተመላላሽ፣

ካሰች ሀብተማርያም
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ምሕረትአብ (የማክሰኞውን ጉዳይ ለመከታተል)
ኮቱ የእኛ ነው ላሉ ሰባት መሥሪያ ቤቶች (በየወንበራቸው)
ለወይዘሮ ትርንጎ ሻይ ቤት፣ ጋሳይ (በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ)

ማስታወሻ፦ ከዚህ በላይ የጻፍሁትን ጨርሼ ሳነበው አንድ ነገር መዝለሌን አየሁ። በአራተኛው ቀን ማህሌት ሻይ ልታመጣልኝ ስትወጣ ከኮትዎ ጋር ለብቻችን ቀረን። እኔም መጽሐፌ ውስጥ ብርቱካን ያደረገችውን አደረግሁ። ሌብነት እንዳይመስልብኝ ወንበርዎ ላይ የርክክብ ቅጽ ሞልቼ፣ ፈርሜ ትቻለሁ፦ አንድ ግራጫ ኮት፣ ብዛት አንድ፣ ይዞታው ያልተለበሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት አልፏል፤ ቅጹን አይተው ስላልደወሉ እስካሁን ወንበርዎ ጋ እንዳልደረሱ ገባኝ። በውስጥ ኪሱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደብዳቤዎቼን እንደታሸጉ አግኝቻቸዋለሁ፤ ማህሌት ለእርስዎ የሚመጣውን ሁሉ ለኮቱ እያደረሰች ነበር ማለት ነው። ይህኛውን ያለ ፖስታ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ኮትዎ ደህና ነው። ጉና ላይ ነው፤ ክረምቱ ገብቷልና በመጨረሻ ሥራ አግኝቷል። አያ ፋንታው የማን እንደሆነ ስነግረው፣ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የሰው ዕቃ ደጁ አያሳድርምና ሰኞ ሰኔ 9 ቀን ጠዋት ራሱ ለብሶ ያመጣልዎታል። እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ወደ ግቢዎ ሲገባ ዘበኛው ብድግ ይላል፤ ማህሌትም ብድግ ትላለች። ብቻውን አይመጣም፤ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ልኬብዎታለሁ። መሪጌታ ምሕረትአብ አብረውት ይመጣሉ፤ ሙላቴም ነገሩን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ተነሥቷል። ወንበር ቢያቀርቡላቸው አይቀመጡም፣ ሻይ ቢያቀርቡላቸው አይጠጡም፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

አደራዎን፣ አያ ፋንታውን «ነገ ና» እንዳይሉት። ይመጣል።